ኤግዚቢት ቁጥር አራት

ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከግራቪሊያው ሥር፣
ሰባት ድንጋይ አለ፣ በነጭ ቀለም ቁጥር።
አንዱ ላይ ዘበኛው ምሳውን ይበላል፣
አንዱ ላይ ጠበቃው ጫማውን ያስጠርጋል፤
አራተኛው ብቻ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣
ዝናብ ይመታዋል።

«ማነው ያስቀመጠው?» አለ ዐቃቤ ሕግ፣
«ያየኸውን ብቻ፤ ሐተታ አታድርግ።»

እኔ ባጃጅ ነጂ፣ አቋርጦ መሄድን መቼ ለምጄ አውቃለሁ?
ከአጂፕ እስከ መርካቶ ጉድጓድ ስዞር እውላለሁ።

ክቡር ፍርድ ቤት፣
ያ መንገድ ሲዘጋ የመጀመሪያው አይደለም።
ክረምት ይዘጋዋል፣ አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ሲውጥ፤
ሠርግ ይዘጋዋል፣ ድንኳን ተተክሎ፣ አስፋልቱ እምብርት ላይ ሙሽራ ሲቀመጥ፤
«ዙር ወንድሜ፣ ደስታ ነው» ሲሉኝ ዞሬያለሁ፣
ጥሩንባዬን ነፍቼ እልል አሰኝቻለሁ።
ትልቅ ሰው ሲመጣ ይዘጋል በገመድ፤
ሁለት ሰዓት ቆሜ፣ ሞተሬን አጥፍቼ፣ አናቴን ፀሐይ ሲያነድ፣
ጥቁር መስታወቱ እንደ ጥቅሻ አለፈ፤
የአንድም ሰው በዚያ ቀን ስሙ አልተጻፈ።
ጉድጓዱም ዘግቶታል፤ ይኸው ሦስት ዓመቱ፤
እስካሁን አልተያዘም፤
ይታወቃል ቤቱ።

አሸዋ የጫነ አይሱዙ እሱን ሲሸሽ ነው
ዳር ዳሩን የሚሄድ ልጅ ያገኘው።
ሚፍታ ይባላል፤ ሦስተኛ ክፍል ነው።
ነበር። ይታረምልኝ።

እናቱ ራህመት ማመልከቻ ይዛ፣
ፎቶውን በፌስታል፣ እግሯ ዝሎ፣ ፈዛ፣
«የእኛ አይደለም» አሏት፤ «የመንገዶች ነው»፤
መንገዶችም አሏት፣ «የከተማው ነው»።
ጉድጓዱ ባለቤት አጣ፤
ልጁ ግን የራህመት ነው።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ድንጋዩ ወጣ።
ሰባት የወንዝ ድንጋይ።
እኔ ደግሞ ከቆጪ ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ ስመጣ፣
አልዋሽም፣ ጮኻለች፤ አልዋሽም፣ ተሳድቤያለሁ፣
«የሞተ ሞቷል፣ እኔ ምን አገባኝ» ብያለሁ።
ይኼም ይመዝገብልኝ። ድንጋይ ድንጋይ ነው፤
የሐዘንተኛም ቢሆን ምጥ አይገባውም።

ያኔ ሙዘይን መጣ፣ ጎማዬን በዱቤ የሚለጥፍልኝ፣
አራተኛውን ታቀፈው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚታቀፍ፣
«ግባ! ፍጠን! እለፍ!»
አለፍኩ።
በዚያች ቅጽበት ነው ፎቶው የተነሳ፤
ድንጋዩ በደረቱ፣ ሊያስቀምጥ ይሁን ሊያነሳ
ፎቶ አይናገርም።

«ድንጋይ ታቅፎ አይተኸዋል?»
«አዎ፣ ግን…»
«አዎ ብሏል፤ ይጻፍ።»
ጸሐፊዋ ጻፈች። «ግን» የምትለዋ ቃል
ከጠረጴዛው ሥር ወድቃ ቀረች፣
ማንም ሳያነሳት።

ንጋት ላይ ያመጣውም እሱ ነው፤ ራሱ ነግሮኛል፤
ይኼን ግን የጠየቀኝ የለም።

ሁለት ዓመት ከሦስት ወር።
ዳኛው ሲያነቡ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ አልደነደነምም፤
ዋጋ እንደሚጠራ ሰው።
የዚያች ሴት ልጅ ትድሃለች አሁን።
ጎማዬን ሌላ ሰው ጋ አስለጥፋለሁ፣ እጅ በእጅ ከፍዬ።
ጉድጓዱን ዛሬም እዞረዋለሁ።

ትናንት ለመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ግቢው ስገባ፣
ዘበኛው ለዙሁር ሶላት ወጣ እስኪል ጠበቅሁ፤
አራተኛውን ብድግ አደረግሁት። ይከብዳል።
ከሥሩ፣ ዝናብ ካልደረሰበት፣
አራት ጣት ግራሶ፣ ጥቁር፣ እንዳለ።
መልሼ በቦታው አኖርኩት፣ ቁጥሩን ወደ ላይ።
ድንጋይ ታቅፌ
ማንም አላየኝም።